ከአስር ስንት ያምዎታል?

ባሌ ደገፋ እናቱን ከቤት ለማውጣት ከወንድሙ ጋር ሲማከር የሰማሁት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። ስልክ ሲያወራ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ነው፤ አርሲ ነገሌ ሩቅ ስለሆነች ካልጮኸ የማትሰማው ይመስለዋል መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ «ለማሽኑ የሚሆነው የእሷ ክፍል ብቻ ነው፣ በሩ ወደ ክሊኒኩ ይከፈታል፤ አልጋዋን እህል አራግፎ በሚመለሰው አይሱዙ ጭኜ እልክልሃለሁ» ይላል። ታናሽ ወንድሙ ያደታ ደግሞ ከወዲያ ማዶ «ለእሷም እኮ ጥሩ ነው፣ አየር ትለውጣለች» ይላል። አየር! ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ከአልጋቸው ጋር አይሱዙ ላይ ሲጫኑ አየር ለወጡ ይባላል? አፌ አረፋ እንደሞላ ወደ ግቢ ብወጣ፣ አማቴ እማማ ቡዜ መስኮቱ ሥር ቆመው ፓፓያቸውን በጆግ ውሃ ያጠጣሉ። ከእኔ ይልቅ ለስልኩ የሚቀርቡት እሳቸው ነበሩ። ቀና ብለው «አካም ቡልቴ ልጄ፣ ዛሬስ ነፋሱ በረታ» አሉኝና ማጠጣታቸውን ቀጠሉ። እኔም አፌ ሙሉ ስለነበር ራሴን ነቅንቄ ተመለስኩ።

ደገፋ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ተጣልተውት ያርፋሉ። እሱ ግን ጥሩ ነገር ያየ ሲመስለው ልቡ ቀድሞት የሚሮጥ፣ ከኋላው ማን እንደቀረ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነው። ሥራው ፊዚዮቴራፒ ነው። ሰፈርተኛው ዶክተር ይለዋል፣ እሱም ማረም ከተወ ቆይቷል። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለው ግቢያችን በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ክሊኒክ አድርገናቸው፣ እሱ ውስጥ ያክማል፣ እኔ፣ የሺዓለም፣ በሩ ላይ ካርድ አወጣለሁ፣ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ ወሬም እሰማለሁ። ከሁለቱ ክፍሎች ጋር ግድግዳ የሚጋራው የእማማ ክፍል ነው። ግቢው ውስጥ መጀመሪያ የተሠራውም እሱ ነው፤ ሟቹ አማቴ ዱጋሳ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ በነበረ ጊዜ ከእማማ ጋር ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው ያቆሙት ነው ይባላል። ሌላው ሁሉ በኋላ የተቀጠለ ነው። እማማ እዚያ ክፍል ውስጥ ስድስት ልጅ ወልደዋል፣ ባላቸውን አስታመዋል፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሬዲዮናቸውን ከፍተው አልጋቸውን እያነጠፉ በኦሮምኛ ከጋዜጠኛው ጋር ይከራከራሉ። አርሲ ነገሌ ላይ ከማን ጋር ይከራከራሉ?

ድሮ ወደ እኛ የሚመጣው ወገብና ጉልበት ነበር። አሁን አሁን መንጋጋ በዝቷል። ሰዉ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚኖረው፤ ነክሶ ይነዳል፣ ነክሶ ይነግዳል፣ ተኝቶም ይነክሳል፣ ጠዋት ሲነሳ የመንጋጋው ጡንቻ ተኮማትሮ አፉ አልከፈት ይለዋል። እማማም ያደረጋቸው ይኸው ነው። ጥርስ ሐኪሙ አያቸውና «ጥርሳቸው ከእኔ ይሻላል፣ ችግሩ ጡንቻው ነው» ብሎ መለሳቸው። ከክረምት ወዲህ አፋቸው ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም፤ ፍትፍት በትንሽ በትንሹ እየቆነጠሩ ነው የሚበሉት። እንዴት ነዎት ሲባሉ ግን «ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ነው መልሳቸው፣ ሌላ አያውቁም።

ደገፋ መጀመሪያ በሞቀ ፎጣና በአውራ ጣቱ ጀመረ። ማታ ዜና እያየን አጠገባቸው ተቀምጦ ጉንጫቸውን ያሽላቸው ነበር። ቀጥሎ ያቺን ቆዳ ላይ የምትለጠፍ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየለቀቀች ጡንቻ የምታንቀጠቅጥ መሣሪያ አመጣ። ከዚያ ዲበኩሉ መጣ። ዲበኩሉ የሕክምና መሣሪያ እየዞረ የሚሸጥ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ በአዳማ ሙቀት እንኳ ሸሚዙ አይጨማደድም። ይዞት የመጣው ማሽን ነጭ ነው፣ ጎማ አለው፣ ረጅም ክንድ አለው፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ቀይ ብርሃን ይበራል። መርፌ የለ፣ ቢላ የለ፣ ኪኒን የለ፤ ብርሃኑ ብቻ ገብቶ ጡንቻውን ያፍታታል ተባለ። ዋጋው ሁለት ባጃጅ ይገዛል። «አንድ ወር ሞክሩት፣ ካልወደዳችሁት እወስደዋለሁ» ብሎ ትቶልን ሄደ። ወሩ የሞላው ዛሬ ነው። ዛሬ ምሳ ላይ መጥቶ ወይ ማሽኑን ወይ ቀብዱን ይዞ ይመለሳል፤ ማሽኑ ከቀረ ደግሞ የእማማ ክፍል የማሽኑ ይሆናል።

ደገፋ እንዲሁ ዓይኑን ጨፍኖ ገዢ አይደለም። መዝኖ ነው። እያንዳንዱን ታካሚ ከማሽኑ በፊትና በኋላ «ከአስር ስንት ያምዎታል?» እያለ ይጠይቃል፤ ዜሮ ማለት ምንም፣ አስር ማለት የማይቻል። በዚህ ወር ከማሽኑ ተነስቶ ከሦስት በላይ ያለ ሰው የለም። ማታ እየመጣ «የሺ፣ እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም» ሲለኝ እኔም አብሬው ደስ ይለኝ ነበር። ማን ይጠረጥራል?

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የገባው ጠሃ ነው። ጠሃ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የተሳቢ ሾፌር ነው። ጫት ተው ቢሉት ጫቱን ሳይሆን ሕክምናውን የሚተው ሰው ስለሆነ ደገፋ በዚያ በኩል አይነካካውም። ታክሞ ሲጨርስ በመጋረጃው በኩል ይሰማኛል። ከአስር ስንት ተባለ። «አልሐምዱሊላህ ዶክተር፣ አንድ ብትሆን ነው። እጅህ ይባረክ» አለ። ደገፋ ሲደሰት ድምፁ ይቀጥናል፤ ቀጠነ። ከዚያ ጠሃ ወደ እኔ መጥቶ ሲከፍል መንጋጋውን በመዳፉ ደግፎ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ «ወይ ጉድ፣ ዛሬስ ጭራሽ ባሰብኝ» አለ።

«አሁን አንድ አላልክም እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበለው የሺ? ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሲለፋልኝ ቆየ። ፊቱንስ አላየሽውም? አስር ብዬ ላስቀይመው? በይ እንዳትነግሪው፣ በአላህ» ብሎኝ ወጣ።

ይሉኝታ! የእኛ ሰው እኮ ቤቱ እየተቃጠለ እንዴት ነህ ቢሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነው። ላቡ ጠብ እስኪል ያከመውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ አልተሻለኝም የሚል ከየት ይመጣል? ስልኬን አነሳሁና ጂጂ ጋ ደወልኩ። ጂጂ ፀጉር ቤት አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንዘምራለን፣ በማሽኑም ታክማለች። ተሻለሽ ወይ ብላት «በጣም እንጂ! ደገፋን ጌታ ይባርከው» አለችኝ። «ሳንድዊች ትገምጫለሽ?» አልኳት። «ኧረ ሳንድዊች! ሙዝ እንኳ በማንኪያ ነው የምበላው» አለችና ሳቀች፤ ስትስቅ አሟት መሰለኝ ወዲያው «አይ፣ አይ» አለች። ስልኩን ዘግቼ ለደገፋ ልነግረው ተነሳሁ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ማሽኑን በጨርቅ እየወለወለ ያፏጫል። ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ጠሃን ስታዘብ የነበርኩት ሴትዮ ወዲያው እኔም ጠሃ ሆንኩ፤ «ሻይ ላምጣልህ?» ብዬው ተመለስኩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እማማን አስተኛቸው። ዲበኩሉ ሲደርስ በገዛ እናቱ ሊያሳየው ፈልጎ ነው። ጥቁሩን መነጽር ዓይናቸው ላይ አደረገ፣ የማሽኑን ክንድ ወደ ጉንጫቸው አስጠጋ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ቀዩ ብርሃን በራ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ዲበኩሉ ነው፣ ባጃጁ ሌላ ሰፈር ወስዶታል። «የሺ፣ አንቺ አጠገቧ ሁኚ» ብሎኝ ወደ መንገድ ወጣ። የውጪው በር ሲዘጋና መብራት ሲሄድ አንድ ሆነ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እየተንቀራፈፈ ቆመ፣ የጎረቤት ሙዚቃ ተቋረጠ፣ የማሽኑ ብርሃን ድርግም አለ። እማማ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ተኝተዋል፣ ንቅንቅ አላሉም። እንዲያ ሆነው ሳያቸው ጠዋት የሰሙትን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ፤ አፋቸው ተዘግቶም ጥርሳቸው እንደተነከሰ ከጉንጫቸው ይታያል። «እማማ፣ ጠዋት እነደገፋ ያሉት ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በይ ልጄ፣ ማሽኑን ትረብሺዋለሽ» አሉኝ።

የሞተ ማሽን እየጠበቅን ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን፣ እሳቸው ተኝተው እኔ ቆሜ። ደገፋና ዲበኩሉ እየተሳሳቁ ሲገቡ መብራቱም አብሯቸው መጣ፤ ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ ማሽኑም ጢጥ አለ። ደገፋ ጊዜው አልቆ የጮኸ መስሎት መነጽሩን አነሳላቸው።

«አዮ፣ አሁን ከአስር ስንት ያምሻል?» አላቸው፤ እናቱን አዮ ነው የሚላቸው።

«ዜሮ ልጄ። ሙቀቱ እስከ ጆሮዬ ድረስ ገባ፣ እንዲያው ፍትት አደረገኝ።»

ያ ብርሃን በደህናው ቀን እንኳ እንደማይሞቅ ከዲበኩሉ ፊት አወቅሁ። ግራ ገብቶት ማሽኑን አየ፣ እማማን አየ፣ ከዚያ ሥራ ሥራ ነውና «አያችሁ!» አለ። ደገፋ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ግንባር ሳመ። እኔ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። ሴትየዋ ከቤታቸው የሚያስወጣቸውን ማሽን እኮ ነው የሚያሞግሱት። ልጃቸው በእንግዳ ፊት እንዳያፍር ሲሉ አርሲ ነገሌ ድረስ ሊሄዱ ነው።

እንግዳ ደግሞ ሳይበላ አይሄድም። ሥጋው ኪሎው የት እንደደረሰ አይጠየቅ፤ ቢሆንም የበግ ጥብስና አልጫ ሠርቼ ነበር። ደገፋ ውሃ ሊወስድ ወጥ ቤት ሲመጣ ክንዱን ያዝኩትና «ደጌ፣ ቅድም መብራት እኮ ሄዶ ነበር» አልኩት። «መጣ አይደል?» ብሎኝ ጆጉን ይዞ ወጣ። ትሪውን አቀረብኩ፣ አራታችን ዙሪያውን ተቀመጥን። ዲበኩሉ በፍጥነት መንገዱ ላይ ነፋሱ የተሳፈረበትን መኪና እንዴት ሲገፋው እንደነበር አወራ፣ የቲማቲም ዋጋ አዲስ አበባ ስንት እንደገባ አወራ፣ በመሀል ደግሞ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ፣ ሁለት ጊዜ። እማማ ከዳር ከዳሩ ይቆነጥራሉ። ደገፋ «እንግዲህ ከምሳ በኋላ እንፈራረማለን» ሲል ቀና አላሉም።

ደገፋ ሲደሰት ማጉረስ ይወዳል። እንጀራውን ዘረጋ፣ አልጫውን አጠቀሰ፣ ጥብሱን ጨመረ፣ ለሙሽራ የሚሆን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እናቱ ዞረ። «አዮ፣ ዛሬማ እምቢ የለም፣ አፍሽ ተፈትቷል» አላቸው። ከክረምት ወዲህ እማማን ያጎረሳቸው ሰው የለም። ጉርሻውን አዩት፣ ልጃቸውን አዩት። ጉርሻ ይመለሳል? ያውም የልጅ፣ ያውም በእንግዳ ፊት! አፋቸውን ከፈቱ፣ አንድ ጣት። ታገሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አልሆነም። ጉርሻው ከንፈራቸው ላይ ቆመ፤ ወጡ በአገጫቸው ወርዶ ነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበ። ዲበኩሉ ዓይኑን ወደ ትሪው መለሰ።

«ዜሮ ነው አልሽኝ እኮ፣ አዮ» አለ ደገፋ በቀስታ።

«ዜሮ ነው ልጄ። ጉርሻው ነው የበዛው።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «መብራት አልነበረም» አልኩ። «አንተ ከወጣህ እስክትመለስ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር፤ እማማ ሞቀኝ ያሉት ያንን ነው። ጠሃም ባሰብኝ እያለ ነው የወጣው፣ ጂጂም ሙዝ በማንኪያ ነው የምትበላው። አንተ ስትጠይቅ ግን ሁሉም ተሻለኝ ይላሉ፣ ስለሚወዱህ። እማማ ደግሞ ጠዋት ከያደታ ጋር ያወራኸውን መስኮቱ ሥር ሆነው ሰምተውታል።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩና እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ባልን በእንግዳ ፊት እንዲህ ማድረግ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ደገፋ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«ሰምተሽኛል?» አላቸው።

እማማ ነጠላቸውን ይጠርጋሉ። «ታዲያ ምን ላድርግ? እንጀራህ ነው። በሰው ፊት ማሽንህ አይረባም ልበልልህ?» አሉት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጉርሻውን ትሪው ላይ አኖረና ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ወደ እናቱ አፍ ወሰደ፣ አልገባም። መለሰው፣ እንደገና ከፈለው፣ አሁንም አልገባም። ዝም ብሎ ይከፍላል፣ ይሞክራል፣ ይከፍላል። በመጨረሻ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠቀለለና ወደ አፋቸው አስጠጋት፣ ገባች። እማማ ሲያላምጡ ሦስታችንም አፍ አፋቸውን እናያለን፣ ዲበኩሉ ሳይቀር አንገቱን አስግጓል። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ትንሽ አሰቡ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ያበሰልኩትን ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» እያሉ ነው የበሉት፤ ያሳረርኩትን ሽሮ እንኳ። ደንግጬ አየኋቸው፣ ከዚያ ሳቄ መጣ። ሮጬ ጨው አመጣሁ። ሳስቀምጠው ቀድሞ እጁን የሰደደው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁለት ጊዜ እጅሽ ይባረክ ያለኝ ዲበኩሉ! ከእሱ ቀጥሎ ደገፋ። እርስ በርሳችን ተያየንና ሳቃችን ፈነዳ፤ እማማም መንጋጋቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ሳቁ።

ሳቁ በረድ ሲል ደገፋ ወደ እናቱ ጠጋ አለ። «በእውነት ንገሪኝ አዮ። ፎጣው እንዴት ነበር?» አላቸው። «ፎጣው ደህና ነበር። አንተም አጠገቤ ትቀመጥ ነበር።» «የምትለጠፈዋስ?» «እሷ ኮረኮረችኝ እንጂ ምን አደረገችልኝ?» «ይሄኛውስ?» እማማ ዲበኩሉን በይቅርታ ዓይን አዩት። «አንተን ማለቴ አይደለም ልጄ» አሉና «ምንም» አሉ።

ደገፋ ወደ ዲበኩሉ ዞረ። «ማሽንህ አይሠራም አልልህም፣ ሊሠራ ይችላል። እኔ ግን ወሩን ሙሉ ስጠይቅ የከረምኩት ሰው ይወደኝ እንደሆን ነው። መጠየቅ ስማር ተመለስ፤ ለዛሬው ውሰደው» አለው። ዲበኩሉ ይከፋዋል ስል ትንሽ አሰበና «እኔም እኮ የምሸጠው ሰዎቹ ጥሩ ነው ስላሉኝ ነው» አለ። ከዚያ ጨው የገባበትን ጥብስ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ስለ አርሲ ነገሌ ግን የተነፈሰ የለም። ደገፋ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን ይቆራርጣል፤ ይቅርታ ሊል እየፈለገ ቃሉ አልወጣ ብሎታል። እማማ አዩት።

«አርሲ ነገሌ አልሄድም» አሉ። አልጮሁም፣ እንዲሁ እንደዋዛ ነው ያሉት። «እዚያ ብርድ ነው፤ የያደታም ሚስት ወሬ ታበዛለች። ክፍሌን አልለቅም።»

ደገፋ ቀና ብሎ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እማማም የቻሉትን ያህል አፋቸውን ከፍተው ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

«በል፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉት። «ትንሽ አድርገህ።»